ነብሮን በሶስት ነገር አጥቤዋለሁ፣ ሽታውን ያጠፋልኝ ግን አንዱ ነው

ሰላም ለሁላችሁ፣ ውሻችሁ በአጠገባችሁ ሲያልፍ አፍንጫችሁን የምትይዙ ከሆነ ይሄ ለናንተ ነው። እኔ ከፋሲካ ጀምሮ እስካሁን ወደ ስምንት ወር ገደማ በዚ ጉዳይ ብር እያወጣሁ ስሞክር ነበር፣ ሶስት ነገር ገዝቻለሁ፣ አንዱ መዓዛ ያለው የውሻ ሻምፑ ነው፣ አንዱ ውሃ የማይፈልግ ፎም ነው፣ ሶስተኛው የእንስሳት ሐኪም ያዘዘልን የመድኃኒት ሻምፑ ነው፣ ከዛ ውጪ ደሞ ከጓዳ ያወጣኋቸው አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አሉ። ከመጀመሬ በፊት ግን ስለ ውሻው ልንገራችሁ ምክንያቱም ለየትኛው ውሻ እንደሰራ ካላወቃችሁ የኔ ሪቪው ምንም አይጠቅማችሁም።

ነብሮ ይባላል፣ የሀበሻ ውሻና ጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ አምስት ዓመቱ፣ 28 ኪሎ። ጸጉሩ ድርብ ነው፣ ከላይ ሻካራና ረጅም፣ ከስሩ ደሞ ጥጥ የመሰለ፣ ውሃ ቶሎ አይገባውም፣ ከገባ ደሞ ቶሎ አይወጣም። የሚኖረው ግቢ ውስጥ ነው፣ ኮተቤ ነን፣ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ግቢው ከጭቃ አይወጣም።

ነገሩ የጀመረው የፋሲካ ማግስት ነው። በዓል ሲሆን ሰፈሩ በየአጥሩ ስር ቆዳና ፈርስ እንደሚጣልበት ታውቃላችሁ፣ በሩ ክፍት ተገኘና ነብሮ ወጣ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲመለስ ከአንገቱ እስከ ጭራው በፈርስ ተለውሷል፣ በጣም ደስ ብሎት ነው የመጣው፣ ውሻ እንደዛ የሚገማ ነገር ሲያገኝ ይንከባለልበታል፣ ተፈጥሮው ነው። እማዬ ከሳሎን ሳትወጣ ነው የሸተታት፣ "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ውሻ ዛሬ ካላጠብሽው እኔ እዚ ቤት አላድርም" አለችኝ። እኔም ደንግጬ የልብስ ሳሙና ይዤ ወጣሁና በጎማ ውሃ አጠብኩት፣ በደንብ አሸሁት፣ ያን ቀን ሽታው ለቀቀ።

ያ ግን ትልቅ ስህተት ነበር። በሶስተኛው ቀን ማከክ ጀመረ፣ ጀርባው ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ነገር ይራገፋል፣ ሽታው ደሞ ሌላ ዓይነት ሆኖ ተመለሰ። በኋላ ዶክተሩ እንዳስረዳኝ የውሻ ቆዳ ከኛ በጣም ይሳሳል፣ የላይኛው የቆዳ ክፍል የኛ ከ10 እስከ 15 ድርብርብ ሲኖረው የነሱ ከ3 እስከ 5 ብቻ ነው፣ ፒኤቹም፣ የአሲድነቱ ልክ ማለት ነው፣ ይለያያል፣ የኛ ወደ አሲድ ያደላል፣ ወደ 5.5 አካባቢ ነው፣ የነሱ ወደ 7 ይጠጋል። ስለዚ የልብስ ሳሙናም የሰው ሻምፑም ቆዳውን የሚጠብቅለትን ቅባት አጥቦ ይወስድበታል፣ ቆዳው ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ደሞ ባክቴሪያና ፈንገስ እንደልቡ ይራባል። በረኪና፣ ዴቶል፣ ነጭ ጋዝ የምታደርጉ ሰዎች ደሞ በእግዚአብሔር ተዉ፣ ቁንጫ ይገድላል እያሉ ነጭ ጋዝ የሚቀቡ ሰፈራችን ውስጥ አይቻለሁ፣ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ሲልሰው ደሞ ይመርዘዋል።

የመጀመሪያው ግዢ፣ መዓዛ ያለው ሻምፑ። ግንቦት ላይ ነው የገዛሁት፣ ከአንድ ሱቅ፣ ጠርሙሱ ላይ ቆንጆ ነጭ ውሻ አለበት፣ 1,400 ብር። አረፋው በጣም ደስ ይላል፣ ጸጉሩ ይለሰልሳል፣ ታጥቦ ሲወጣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ እማዬ ራሷ "ኧረ ይሄማ ጥሩ ነው" ብላ ነበር። ግን ሁለት ቀን ነው፣ በሶስተኛው ቀን እንጆሪው ከስሩ ካለው ሽታ ጋር ተቀላቀለና ከበፊቱ የባሰ የሚያቅለሸልሽ ነገር ሆነ። ቶሎ ቶሎ ሳጥበው ደሞ ማከኩ ባሰበት። ሻምፑው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ጤነኛ ቆዳ ያለው ውሻ ጭቃ ነክቶት ከሆነ በወር አንዴ ብታጥቡበት ጥሩ ነው፣ ለሽታ ግን ሽፋን ነው፣ ምንጩን አይነካውም። ከ5 ኮከብ 2 ነው የምሰጠው፣ ሁለቱም ለጸጉሩ ልስላሴ ነው።

በዛ መሀል ነው ጓዳ የገባሁት። አቼቶውን አንድ እጅ አቼቶ ለሶስት እጅ ውሃ አድርጌ፣ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ጸጉሩ ላይ አፈሰስኩለት፣ ነጩን አቼቶ ነው፣ ሲደርቅ የአቼቶው ሽታ ራሱ ይጠፋል፣ የእርጥብ ውሻ ሽታውን በእውነት ይቀንሰዋል። ግን ቆስሎ ወይም ተልጦ የነበረ ቦታ ካለው እንዳትሞክሩት፣ እኔ ብብቱ ስር ቀላ ያለ ቦታ እንዳለው ሳላይ አፍስሼበት ጮኸ፣ እስካሁን ያ ድምጹ አይረሳኝም። ዓይኑ አካባቢም አይደረግም። ቤኪንግ ሶዳውን ደሞ ሳይታጠብ በደረቁ ነው፣ ጀርባው ላይ በትንሹ በትኖ እስከ ቆዳው በጣት አስገብቶ አስር ደቂቃ አካባቢ ይዞ በብሩሽ በደንብ አራግፎ ማውጣት፣ እንዳይልሰው እያያችሁ። ሽታው ተመልሶ ይመጣል እንጂ ለአንድ ቀን ያህል ያቀለዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ለምሳሌ። ሱቅ ስትጠይቁ ግን ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ፣ ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ ባለሱቆች አሉ፣ ፓውደሩ ውስጥ ስታርችና አሲድ አለበት፣ እርጥብ ጸጉር ላይ ሊጥ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛው ግዢ ፎሙ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲጥል፣ ማጠብ አይታሰብም ነበር፣ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣልን፣ ቢመጣም ደሞ 28 ኪሎ ውሻ በሐምሌ አጥባችሁ በምን ታደርቁታላችሁ። ታላቅ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ነው ያመጣችልኝ፣ እጅ ላይ እንደ መላጫ አረፋ ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ታሹታላችሁ፣ ከዛ በፎጣ ትጠርጉታላችሁ፣ አለቀ። ስለ ፎሙ እውነቱን ስናገር ወድጄዋለሁ፣ ግን ለሆነ ነገር ብቻ፣ ለእግሩና ለሆዱ ስር። ከጭቃ ገብቶ በረንዳ ላይ ሲተኛ አራቱን እግሩን በፎም ጠርጌ በደረቅ ፎጣ ሳብስለት ቤቱ ሁሉ ይተነፍሳል። ሙሉ ሰውነቱን በፎም ልጠርግ ስል ግን ድርብ ጸጉሩ ውስጥ አልገባ አለኝ፣ ከላይ ጸዳ፣ ከስር ያው ነው። ጸጉረ አጭር ውሻ ወይም ትንሽ ውሻ ያላችሁ ምናልባት ከኔ በላይ ትጠቀሙበታላችሁ። 3 ኮከብ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

መስከረም ላይ ሽታው ያው እንደሆነ ጆሮውን መሬት ላይ ማሸት ጀመረ፣ የፊት እግሮቹን ሌሊት ሙሉ ይልሳል፣ ብብቱና ብሽሽቱ አካባቢ ቆዳው ጠቁሮ ወፈር ብሏል፣ እዛ ጋር አፍንጫዬን ሳስጠጋ የሻገተ ዳቦና የቆየ ቅቤ የተቀላቀለ ነው የሚመስለው። ክሊኒክ ወሰድኩት። ዶክተሩ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተማረ ወጣት ልጅ ነው፣ ገና ሲያሸተው "ይሄ ቆሻሻ አይደለም" አለኝ። ከዛ ያደረገውን ላሳያችሁ፣ ተራ ስኮች ፕላስተር ነው፣ ቁራጭ ቆርጦ ብብቱ ላይ ለጠፈና አነሳው፣ መስታወት ላይ አጣብቆ ሰማያዊ ቀለም አደረገበትና ማይክሮስኮፕ ስር ከተተው፣ "ነይ እዪ" አለኝ። ሳየው ትንንሽ ወይን ጠጅ ነገሮች ናቸው፣ ቅርጻቸው የለውዝ ቅርፊት ነው የሚመስለው፣ መሀሉ ጠበብ ያለ፣ በጣም ብዙ። ማላሴዚያ ይባላል አለኝ፣ የፈንገስ ዓይነት ነው፣ በጤነኛ ውሻ ቆዳ ላይም ትንሽ ትንሽ ይኖራል፣ እርጥበት ሲያገኝ፣ ቆዳው ሲጎዳ ወይም አለርጂ ሲኖር ግን ይራባል፣ ሽታውም ማከኩም ከሱ ነው። ከግንቦት ጀምሮ በእንጆሪ ስሸፍነው የነበረው እሱን ነው ማለት ነው። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ ነብሮ ቆሻሻ ውሻ ሳይሆን የታመመ ውሻ ነበር፣ እኛ ደሞ ስንቀጣው ነበር፣ በረንዳ ላይ እንዳይወጣ፣ ሰው ጋር እንዳይጠጋ፣ ያ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ያዘዘልን ሻምፑ ክሎርሄክሲዲን 2% እና ሚኮናዞል 2% ያለበት ነው። የካምፓኒ ስም አልጠራላችሁም ምክንያቱም የተለያየ ካምፓኒ ይሰራዋል፣ እናንተ ማየት ያለባችሁ የፊቱን ስዕል ሳይሆን ከጀርባ በትንንሹ የተጻፉትን ሁለት ስሞችና ፐርሰንታቸውን ነው፣ ኤክስፓየር ዴቱንም። ክሎርሄክሲዲኑ ባክቴሪያውን፣ ሚኮናዞሉ ፈንገሱን ነው የሚመታው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የተሻለ ይሰራሉ። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት 250 ሚሊ በ2,800 ብር ገዛሁ፣ ውድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ለነብሮ አንዴ ለማጠብ 35 ሚሊ ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚ አንድ ጠርሙስ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ እጥበት ወደ 400 ብር ይመጣል።

አስተጣጠቡ ላይ ነው ሁሉም ነገር ያለው፣ ስለዚ እዚ ጋር ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ጸሐይ ወጥቶ ሲሞቅ ነው የምጀምረው፣ ከዛ በኋላ ከጀመራችሁ ማታ ብርዱ እርጥብ ሆኖ ይይዘዋል። ውሃ ሶስት ጀሪካን አዘጋጃለሁ፣ 60 ሊትር ማለት ነው፣ አንዱን አሙቄ ከቀዝቃዛው ጋር በሳፋ እቀላቅለዋለሁ፣ ክርኔን ነክሬ የሕጻን ገላ መታጠቢያ ያህል ለብ ሲል ነው ልኩ። መጀመሪያ በደረቁ በብሩሽ አበጥረዋለሁ ምክንያቱም የተቋጠረ ጸጉር ከረጠበ በኋላ አይፈታም፣ የረገፈው ጸጉርም አብሮ ይወጣል፣ የመጀመሪያ ቀን ከነብሮ ላይ የወጣው ጸጉር አንድ ፌስታል ሞልቷል። ጆሮው በር ላይ ትንሽ ጥጥ፣ ወደ ውስጥ ሳይገፋ። ከዛ በጆግ እያፈሰስኩ ውሃው ቆዳው ጋር እስኪደርስ፣ ከላይ የረጠበ መስሏችሁ እንዳትታለሉ፣ ጸጉሩን በጣታችሁ ገልጣችሁ እዩት፣ የኔ ውሻ ከስሩ ደረቅ ሆኖ ነው ብዙ ጊዜ ያገኘሁት። ጭቃው በውሃ ብቻ ከወጣ በኋላ ነው መድኃኒቱ የሚገባው፣ አለበለዚያ መድኃኒቱን ጭቃ ላይ ነው የምታባክኑት። ብብት፣ ብሽሽት፣ አንገት ስር፣ ጭራው ስር፣ በጣቶቹ መካከል፣ እነዚን በጣት እያሸሁ ነው። ፊቱን በሻምፑ አላጥበውም፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የማብሰው፣ ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ይጎዳል፣ ጆሮ ውስጥም አይፈስም።

ከዛ አስር ደቂቃ። ይሄ ነው ሰው ሁሉ የሚዘለው። አረፋው ቆዳው ላይ አስር ሙሉ ደቂቃ መቆየት አለበት፣ ሶስት ደቂቃ ብትቆዩና ብታለቀልቁት የ400 ብር መድኃኒት መሬት ላይ ደፋችሁ ማለት ነው። ስልኬ ላይ ሰዓት እሞላለሁ፣ ነብሮ መጀመሪያ ቀን በሁለተኛው ደቂቃ ሊያመልጠኝ ሲል ዘበኛችን ጋሼ አንገቱን ይዞ በለሆሳስ እያወራው አረጋጋው፣ አሁን የደረቀ ዳቦ ቁራሽ ይዘን በየደቂቃው አንድ አንድ እየሰጠነው ይቆማል። እንዳይልሰውም ያ ይጠቅማል። ከዛ ማለቅለቅ፣ ያጠባችሁበትን ያህል ጊዜ፣ ከጀሪካኖቹ አንዱን ተኩሉን የምጨርሰው ለማለቅለቅ ነው፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ፣ ጸጉሩ በጣት ሲያዝ ማሙለጭለጩ ቀርቶ እስኪንጫጫ። ቆዳ ላይ የቀረ ሳሙና ያሳክካል።

ማድረቁ ደሞ ከማጠቡ እኩል ነው፣ እርጥብ የተተወ ውሻ ነገ ይሸታል፣ የእርጥብ ውሻ ሽታ ማለት እኮ ውሃው ሲተን ጸጉሩ ላይ ያሉት ተሕዋስያን የሰሩትን ነገር ይዞ አየር ላይ ስለሚወጣ ነው። መጀመሪያ እንዲራገፍ እተወዋለሁ፣ ሁለት ፎጣ፣ ሳይታሽ በመጫን፣ ከዛ ጸሐይ ላይ አስሬው ብብቱንና ጣቶቹን መሀል በሶስተኛ ደረቅ ፎጣ። የጸጉር ማድረቂያ ሞክሬ ድምጹን ፈርቶ ተወራጨ፣ ተውኩት።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሽታው በግማሽ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም፣ ተስፋ እንዳትቆርጡ። በሳምንት ሁለቴ ለሶስት ሳምንት አጠብኩት፣ በአራተኛው እጥበት አካባቢ እግሩን መላሱን አቆመ፣ በስድስተኛው ብብቱ ላይ ጠቁሮ የነበረው ቆዳ ሳሳ አለ፣ ትንንሽ ጸጉርም ማብቀል ጀመረ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ነው። የጆሮው ሽታ ግን በሻምፑ አልጠፋም፣ ለሱ የራሱ ጠብታ ነው የታዘዘለት፣ ስለዚ ሻምፑ ብቻ ገዝታችሁ ጆሮው አልዳነም ብላችሁ እንዳታማርሩ። ጉድለቱን ካላችሁ ሁለት ነው፣ ዋጋውና ጸጉር ማድረቁ፣ የነብሮ ጀርባ እንደ በፊቱ አያብረቀርቅም። ቢሆንም 5 ኮከብ ነው የምሰጠው።

ሌላ ሁለት ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንደኛ መኝታው። እኔ ውሻውን እያጠብኩ የሚተኛበትን ማዳበሪያና አሮጌ ብርድ ልብስ አላሰብኩትም ነበር፣ ታጥቦ ተመልሶ እዛው ነው የሚተኛው፣ ብርድ ልብሱን በፈላ ውሃ ቀቅዬ አጥቤ ጸሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ማዳበሪያውን አቃጠልኩት፣ የነብሮን ቤት ወለል በጣውላ ከመሬት አንድ ስንዝር አስነሳሁት እርጥበት እንዳይስብ። ሁለተኛ፣ ቁንጫና መዥገር የሚገድለውን አንገት ላይ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት የምትጠቀሙ ከሆነ ከማድረጋችሁ ሁለት ቀን በፊትና ሁለት ቀን በኋላ እንዳታጥቡት፣ በቆዳው ቅባት ነው ሰውነቱ ላይ የሚሰራጨው፣ እኔ በማግስቱ አጥቤው መድኃኒቱን በከንቱ አጥፍቻለሁ።

ሽታው ደሞ ከኋላው ከሆነ፣ ዓሳ ዓሳ የሚል፣ ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትት ከሆነ ምንም ሻምፑ አትግዙ፣ ፊንጢጣው ግራና ቀኝ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፣ እነሱ ሲሞሉ ነው፣ ሐኪም በአንድ ደቂቃ ይጨምቃቸዋል። ከአፉ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ነው። የበዓል ሰሞን ደሞ የታረደ በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ፣ ከሱ የሚያገኘው ትል እንቁላሉ በኩሱ ወጥቶ ወደኛ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ካጠባችሁት በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የትል መድኃኒቱንና የእብደት ክትባቱን ሳታስጨርሱለት ልጆች እንዲያጥቡት አትፍቀዱ።

አሁን ሁለተኛውን ጠርሙስ ነው የያዝኩት፣ ግማሽ ደርሷል። ጎረቤታችን እትዬ ውሻቸው እንደዛው እግሩን እየላሰ ስለሆነ ትንሽ ቅጂልኝ ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን መጀመሪያ በስኮች ይታይላቸው ብዬ ክሊኒኩን ነው የጠቆምኳቸው፣ የሳቸው እከክ ሊሆንም ይችላላ፣ ለእከክ ይሄ ሻምፑ አይሰራም። ማክሰኞ አብረን እንወስደዋለን።